ከእናት አንጀት ወደ ግልገል አፍ፦ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ለአሳማ አርቢው ምን ያህል ቅርብ ነው?

አዲስ አበባ፦ የከተማው ሰው ከሰሐኑ ላይ የሚያስቀረው ምግብ የት እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እንደ ካዛንቺስ ሆቴልና ምግብ ቤት በሚበዛባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከሚተርፈው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና አትክልት ከፊሉ በበርሜል እየተሞላ ወደ አሳማ ማርቢያዎች ይጫናል። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ ለሚገኙ አሳማ አርቢዎች የሆቴል ትራፊ ዋነኛው መኖ ነው። ሥጋውም በአመዛኙ ተመልሶ የሚሄደው ወደ ከተማዋ ሆቴሎች፣ የውጭ ዜጎች ወደሚበዙባቸው ምግብ ቤቶችና ወደ ጥቂት ሱቆች ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በዚህ ንግድ መነሻም መድረሻም ናት ማለት ይቻላል።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ፣ የአሳማ ሥጋ አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2020/21 በወጣው የናሙና ጥናት 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብትና 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ እንዳላት በተገመተች አገር የአሳማ ርቢ ትንሽ ዘርፍ ነው። ነገር ግን አሳማ ቶሎ ይራባል፤ በአንድ ወሊድ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ግልገል መጣል የተለመደ ነው፤ ሌላ እንስሳ የማይነካውን ትራፊም ወደ ሥጋ ይለውጣል። ጥቂት መሬትና ጥቂት ገንዘብ ላለው የከተማ ዳር አርቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኪሳራውም የሚመጣው በዚያው ፍጥነት ነው። አርቢው ወራት ጠብቆ ያገኘው ወሊድ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት በተቅማጥ ሊያልቅ ይችላል። በዓለም ዙሪያ የእንስሳት ሐኪሞችን ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስጨነቀውም ይኸው የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

የአሳማ ግልገል በተቅማጥ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ብርድ፣ የባክቴሪያ ልክፍት፣ ጥገኛ ተሕዋስያን ሁሉ ይጠቀሳሉ። ከቫይረሶች መካከል ግን ሦስቱ ጎልተው ይታወቃሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ዶይልና ሃቺንግስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ተላላፊ የጨጓራና የአንጀት በሽታ ቫይረስ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አሳማዎች ላይ የታየውና በ1978 በቤልጅየም ተለይቶ ሲቪ777 የተባለው የወረርሽኝ ተቅማጥ ቫይረስ ነው። ሁለቱም ከኮሮና ቫይረስ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ሮታ ቫይረስ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዶቹ የሰው ልጅን፣ ጥጃንና ሌሎች እንስሳትንም ይይዛሉ።

እነዚህ ቫይረሶች ወደ ደም ገብተው መላ አካልን በማመስ አይደለም የሚገድሉት። የሚያጠቁት የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ላይ እንደ ጥቃቅን ጣቶች የቆሙትን፣ ምግብና ውኃ መጣጭ የሆኑትን ቃጫዎች ነው። ቫይረሱ የቃጫዎቹን ሽፋን ሕዋሳት ሲያወድም ጣቶቹ ያጥራሉ፤ ግልገሉ የጠባው ወተት ሳይፈጭ፣ ውኃው ሳይመጠጥ ያልፋል። ከዚያ የሚቀረው ጥም ነው። ግልገሉ አፉን ከጡት ሳይነቅል በድርቀት ይሞታል።

ዕድሜ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። የሦስት ሳምንት ግልገል የተጎዱትን ሕዋሳት በሁለትና በሦስት ቀን ይተካል፤ አዲስ የተወለደው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ያው ቫይረስ ትልቁን አሳማ ለጥቂት ቀናት አስቀምጦ ሲተወው፣ ከአንድ ሳምንት በታች የሆኑትን ግልገሎች አንድም ሳይቀር ሊጨርስ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ግልገሉን መከተብ ትርጉም የለውም። ክትባት ሠርቶ መከላከያ እስኪያስገኝ ቢያንስ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሞት ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይደርሳል።

ስለዚህ ክትባቱ የሚሰጠው ለእናቲቱ ነው።

እንገርና ወተት አንድ አይደሉም

ከብት ያረባ ሁሉ የእንገርን ዋጋ ያውቃል። የሰው ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ሳለ የመከላከያ አካላትን በእንግዴ ልጁ በኩል ይቀበላል፤ የአሳማ እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ግልገሉ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። ያለው ተስፋ እንገር ነው፤ በእንገር ውስጥ ያሉትን መከላከያዎች ከአንጀቱ ወደ ደሙ ማሳለፍ የሚችለውም በግምት በመጀመሪያዎቹ 24 እና 36 ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

እስከዚህ ያለውን አብዛኛው አርቢ ይስማማበታል። ቀጥሎ ያለው ግን ክትባት ሠሪዎችንም ለረጅም ጊዜ ያሳሳተ ጉዳይ ነው። በእንገር አማካይነት ወደ ግልገሉ ደም የሚገባው መከላከያ በደም ውስጥ የሚዞሩ በሽታዎችን ይመክታል፤ የአንጀት ቫይረስ ግን ጦርነቱን የሚያደርገው በደም ውስጥ ሳይሆን በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ግልገሉን የሚያድነው ከእንገሩ በኋላ በየሰዓቱ በሚጠባው ወተት ውስጥ ያለ፣ አንጀቱን እንደ ቀለም የሚቀባ ሌላ ዓይነት መከላከያ ነው። ሳይንቲስቶች አይጂኤ ይሉታል። ይህ መከላከያ የምግብ መፍጫ አሲድና ኢንዛይም በቀላሉ የማያፈርሰው፣ ለአንጀት ተብሎ የተሠራ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እናቲቱ ወተቷ ውስጥ ይህን መከላከያ እንድትጨምር ምን ያደርጋታል የሚል ይሆናል። መልሱ የተገኘው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ቦልና ሊንዳ ሳይፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ምርምር ነው። ሕያው ቫይረስ በአንጀታቸው ያለፈ እናት አሳማዎች በወተታቸው ብዙ አይጂኤ አስገኙ፤ ግልገሎቻቸውም ተረፉ። በመርፌ የተከተቡት ደግሞ በእንገራቸው ሌላውን ዓይነት መከላከያ በብዛት ቢያሳዩም ግልገሎቻቸው እምብዛም አልዳኑም። ምክንያቱ በአንጀት ውስጥ ቫይረሱን ያወቁት የመከላከያ ሕዋሳት በእርግዝናው መጨረሻ ወደ ጡት እጢ መጓዛቸው ነው። አንጀትና ጡት የሚነጋገሩበት ስውር መንገድ አለ ማለት ነው። ይህ ግኝት ከአሳማ አልፎ ስለ ሰው ልጅ የጡት ወተት ያለውን ዕውቀት የለወጠ ነው። ለከተማ ነዋሪው አንባቢ ጉዳዩ ከአሳማ ጋር የሚያበቃ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዳል።

ስለዚህም በአፍ የሚሰጥ፣ ሕያው ሆኖ የተዳከመ ክትባት ተፈለገ። በአፍ መሆኑ ቫይረሱ በትክክለኛው በር እንዲገባ፣ ሕያው መሆኑ አንጀት ውስጥ ጥቂት ተራብቶ እንዲታወቅ፣ የተዳከመ መሆኑ ደግሞ በሽታ እንዳያመጣ ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ማስገኘት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

ቫይረስን ማላመድ

የማዳከሚያው ጥንታዊ ዘዴ ቫይረሱን ከለመደው አንጀት አውጥቶ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ ማራባት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ቬሮ የሚባሉት፣ መጀመሪያ ከጦጣ ኩላሊት የተገኙ ሕዋሳት ናቸው። ቫይረሱ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደሚቀጥለው ይዛወራል። በእያንዳንዱ ዙር ለአዲሱ ቤቱ የሚመቸውን ለውጥ ይይዛል፤ የአንጀትን ጠባይ እየረሳ ይሄዳል። ጫካ ለጫካ ያደገ ወይፈን ከደጅ ታስሮ ሲከርም ኃይሉ እንደሚበርድ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወይፈኑ ልጆቹን አያስተምርም፣ ቫይረሱ ግን ለውጡን ለዘሩ ያወርሳል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ታዋቂ ምሳሌ የደቡብ ኮሪያው ዲአር13 ነው። የወረርሽኝ ተቅማጡ ቫይረስ በቬሮ ሕዋሳት ላይ 100 ጊዜ ከተዛወረ በኋላ ተዳከመ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሆኖ በአገሩ ፈቃድ አገኘ፤ ቆይቶም በፊሊፒንስ ሥራ ላይ ዋለ። ጃፓን ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1997 የራሷን የተዳከመ ክትባት ፈቅዳ ነበር፤ የእርሷ ግን በጡንቻ የሚወጋ ነው። በኮሪያ በተደረገው ንጽጽር በአፍ የተከተቡ እናቶች ግልገሎች በመርፌ ከተከተቡት እናቶች ግልገሎች በተሻለ ቁጥር ተርፈዋል። ይህም የኦሃዮው ምርምር የተናገረውን ያጸና ውጤት ነው።

ሆኖም ታሪኩ እዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በቻይና የቫይረሱ አዲስ ዝርያ ተነሣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግልገሎችን ገደለ። በወቅቱ በቻይና ማርቢያዎች ከአሮጌው ሲቪ777 የተሠራ ክትባት ይሰጥ ነበር። በ2013 የጸደይ ወራት ያው የአዲሱ ዝርያ ወገን አሜሪካ ደረሰ፤ በአንድ ዓመት ገደማ 7 ሚሊዮን ያህል ግልገል አለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክትባት የነበራቸው ኮሪያና ጃፓንም ዳግም ተመቱ። የተዳከመው ዝርያ ከመስኩ ዝርያ ጋር ሲራራቅ ክትባቱ የሚያውቀው ጠላት ሌላ፣ በር ላይ የቆመው ሌላ ሆነ።

ክትባት ያልነበራቸው የአሜሪካ አርቢዎች በዚያ ወቅት የወሰዱት እርምጃ ለእኛም አርቢ የሚያስደነግጥ ነው። በተቅማጥ የሞቱ ግልገሎችን አንጀት ፈጭተው ለነፍሰ ጡር እናቶች በመኖ አበሉ። ሐሳቡ ያልተዳከመውን ቫይረስ ራሱን እንደ ክትባት መጠቀም ነው፤ አንጀት ለጡት እንዲናገር። በብዙ ቦታ ሠርቷል። ነገር ግን አንጀቱ ውስጥ ሌላ በሽታ ካለ እርሱም አብሮ ይበላል፤ መጠኑም አይታወቅም፤ ቫይረሱም ከማርቢያው ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደርጋል። በተለይ ቀጥሎ የሚነሣው በሽታ በሚገኝበት አገር እንዲህ ያለውን ልማድ መሞከር መንጋን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ከተቅማጥ የከፋው

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2011 በአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የተጠረጠረ የመጀመሪያ ወረርሽኟን አሳወቀች። ከ2011 እስከ 2014 ከአገር ውስጥ አሳማዎች በተሰበሰቡ 23 የአካል ክፍል ናሙናዎች ላይ የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ቫይረሱ ከዚያ በፊት በዓለም ያልተመዘገበ፣ 23ኛ የሚል ቁጥር የተሰጠው የዘር ምድብ መሆኑን አሳየ። ከምሥራቅ አፍሪካ ዘጠነኛና አሥረኛ ምድቦች ጋር የጋራ ቅድመ አያት አለው።

አርቢው ሁለቱን በሽታዎች ቢለይ ይጠቅመዋል። የአንጀት ቫይረስ የሚገድለው ጨቅላውን ነው፤ ትልልቆቹ ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው ይድናሉ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ግን ዕድሜ አይመርጥም። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምግብ መተው፣ የጆሮና የሆድ ቆዳ መቅላት ወይም መጥቆር፣ ከዚያም የትልልቆቹ ድንገተኛ ሞት ምልክቶቹ ናቸው። እናቲቱ ራሷ ከወደቀች ጉዳዩ የወተት ጉዳይ አይደለም፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳይውል ሳያድር መንገር፣ ከማርቢያው ሥጋም ሕያው እንስሳም አለማውጣት ይገባል። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለአሳማ ግን መድኃኒት የለውም።

የሆቴል ትራፊ ነገር እንደገና የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በትራፊ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ካለ፣ ሥጋውም ከታመመ እንስሳ ከሆነ፣ ቫይረሱ በበርሜሉ ተጭኖ ወደ ማርቢያው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሽታው ከአፍሪካ ወጥቶ ጆርጂያ ሲደርስ መግቢያው ከመርከብ የወጣ ትራፊ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። እንግሊዝም በ2001 ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ያሳረደባት የአፍና የእግር በሽታ ወረርሽኝ መነሻው በአግባቡ ያልፈላ ትራፊ ይበላ ከነበረ የአሳማ ማርቢያ እንደሆነ ይታሰባል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለዚህ ያስቀመጠው መለኪያ ግልጽ ነው፤ ትራፊው ያለማቋረጥ እየተማሰለ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ60 ደቂቃ መፍላት አለበት። ሞቅ ሞቅ ማድረግ ማፍላት አይደለም። የማገዶና የከሰል ዋጋ በናረበት ጊዜ አንድ በርሜል ለአንድ ሰዓት ማፍላት ምን ያህል እንደሚያስወጣ አርቢው ያውቀዋል፤ ወጪው ግን ከመንጋው ዋጋ ጋር መነጻጸር አለበት።

ለአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ክትባት መሥራት ለረጅም ጊዜ የማይቻል ሲመስል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬትናም ከቫይረሱ አንድ ዘረ መል ተቆርጦ የተሠራ ሕያው የተዳከመ ክትባት ፈቀደች፤ በ2023 ለገበያ አዋለችው። በመርፌ የሚሰጥ ነው። በአፍ የሚሰጠው ምርምር ደግሞ ከአውሮፓ የዱር አሳማዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ የዱር አሳማን ይዞ መውጋት ስለማይቻል ክትባቱን በምግብ መልክ መጣል ታሰበ። በ2019 ይፋ በሆነ ሙከራ በላትቪያ ከተገኘ በተፈጥሮው ከተዳከመ ዝርያ በአፍ የተሰጣቸው የዱር አሳማዎች 92 በመቶ ጥበቃ አግኝተዋል። ውጤቱ አስደሳች ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ክትባቶች የተሠሩት በአውሮፓና በእስያ ለተሠራጨው ሁለተኛው የዘር ምድብ ነው። የኢትዮጵያው 23ኛ ምድብ ሌላ ቫይረስ ነው። የቻይናና የኮሪያ አርቢዎች በተቅማጡ ቫይረስ የከፈሉትን ዋጋ ያየ ሰው፣ የቬትናምን ክትባት ገዝቶ ማምጣት ብቻውን መፍትሔ ነው ለማለት አይቸኩልም።

በቂርቆስ ጤና ጣቢያ ያለው ያው ሳይንስ

በአፍ የሚሰጥ የተዳከመ ክትባት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቂርቆስም ሆነ በሌላ የአገሪቱ ክፍል ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ የሄደች እናት ሁለቱን አይታቸዋለች። አንዱ አልበርት ሳቢን የሠራው የፖሊዮ ጠብታ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም.፣ በመደበኛ ክትባት ውስጥ የገባውና ሕፃናት በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንታቸው የሚውጡት የሮታ ክትባት ነው። ሮታ ቫይረስን በሕፃናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 በሜልበርን ያገኙት ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ክትባቱ ከታመመ ሕፃን የተወሰደን ዝርያ በሕዋሳት ላይ ደጋግሞ በማዛወር የተሠራ ነው፤ ማለትም ዲአር13 የተሠራበት መንገድ።

የሕፃናቱ ተሞክሮ ለእንስሳት ሐኪሙ የሚያስተምረው አለ። በማላዊና በደቡብ አፍሪካ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ሰፊ ሙከራ የሮታ ክትባት ከባድ ተቅማጥን በአማካይ 61 በመቶ ተከላከለ፤ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ገደማ ሲሆን በማላዊ 49 በመቶ ብቻ ነበር። ያው ክትባት፣ ያው መጠን። በበለጸጉ አገሮች ደግሞ ጥበቃው ከዚህም ይልቃል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች መካከል በአንጀት ውስጥ ሌሎች ተሕዋስያን መብዛት፣ የምግብ እጥረት፣ በእናት ወተት ውስጥ ያለው መከላከያ የክትባቱን ቫይረስ ራሱን ቀድሞ ማክሸፉ ይገኙበታል። አንጀቱ የተጨናነቀ አካል ሕያው ክትባትን በቀላሉ አያስተናግድም። ቢሆንም 49 በመቶው ብዙ ሕፃናት በሚታመሙበት አገር ብዙ ነፍስ ነው፤ ለዚህም ነው ክትባቱ የቀጠለው። በኮሪያ ንጹሕ ማርቢያ የተፈተነ የአሳማ ክትባት ግን ጭቃና ትራፊ በሚበዛበት ጉረኖ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛው ትምህርት ከፖሊዮ ነው። የተዳከመው ቫይረስ ከተከተበው ልጅ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በአካባቢው ያሉት ሁሉ ከተከተቡ ይህ በረከት ነው፤ ጎረቤቱም ሳያውቀው ይከተባል። ብዙዎች ካልተከተቡ ግን ቫይረሱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የጣለውን ኃይል መልሶ ሊያነሣ ይችላል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለ የሁለተኛው ዓይነት ፖሊዮ ወረርሽኝ ገጥሟታል። ወደ ኋላ የመመለስ ዕድሉ እንዲቀንስ ዘረ መሉ ታስቦበት የተስተካከለው አዲሱ ጠብታ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በመደበኛነት ዕውቅና ሰጥቶታል። የአሳማ ክትባት ተመራማሪዎችም አሁን ወደዚሁ ዞረዋል፤ ቫይረሱን መቶ ጊዜ አዛውሮ የሆነውን ከመቀበል ይልቅ የትኛው ዘረ መል ቢነካ እንደሚዳከም አውቆ መንካት። አሳማ በአሳማ ላይ በተጨናነቀበት ማርቢያ፣ የክትባት ቫይረስ ከመስክ ቫይረስ ጋር ተገናኝቶ ሊዳቀል በሚችልበት ሁኔታ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሮታ ቫይረስ ደግሞ በዝርያዎች መካከል ያለውን አጥር አልፎ አልፎ ይዘላል። በብራዚል ሕፃናት ላይ የታየው ጂ5 የተባለው ዓይነት ከአሳማ ጋር የሚዛመድ ነው። አሳማና ሰው በሚቀራረቡበት የከተማ ዳር ሠፈር የጉረኖ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ የሕፃናት ጤና ጥያቄም ይሆናል።

ቢሾፍቱ ምን ትችላለች?

በኢትዮጵያ የእንስሳት ክትባት የሚመረተው እ.ኤ.አ. በ1964 በተመሠረተው በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ማምረቻ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚፈትሽበት ማዕከልም እዚያው ከተማ ይገኛል። የበሽታ መለያው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ደግሞ በሰበታ ነው። ሕያው የተዳከመ ክትባት ማምረት ለቢሾፍቱ ባለሙያዎች የዕለት ሥራ ነው፤ የደስታን በሽታ ከዓለም ያጠፋው ክትባትም ከዚሁ ወገን ነበር።

ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የዶሮው ነው። ፈንግል በየዓመቱ የገበሬውን ጓሮ ባዶ የሚያስቀር በሽታ ነው። ለእርሱ በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው አይ-2 የተባለው ሕያው ክትባት ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ በዓይን ጠብታ፣ በመጠጥ ውኃ ወይም ከመኖ ጋር ይሰጣል፤ የዘሩ ቫይረስም ለታዳጊ አገሮች ያለ ባለቤትነት ክፍያ ይታደላል። ቢሾፍቱም ያመርተዋል። በአፍ የሚሰጥ ክትባት መርፌ፣ ሐኪምና ከብት መያዣ በሌለበት ቤት መድረስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። በአፍ መስጠቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውኃ የሚሰጥ ክትባት ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ከተበጠበጠ ቫይረሱ ይሞታል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለም እንዲሁ። የከተማ አርቢ ይህን ካላወቀ ገንዘቡን በውኃ ቀላቅሎ ማፍሰሱ ነው።

ታዲያ ለአሳማስ? የገንዘቡ ስሌት እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። 57 ሚሊዮን ዶሮ ባለበት አገር የአንድ ዶሮ ክትባት በሳንቲም ደረጃ ወጪው ይካፈላል፤ ለጥቂት አሳማዎች የምርት መሥመር መዘርጋት ግን ለመንግሥት ድርጅትም የማያዋጣ ነው። ምናልባት የሚያዋጣው ለምሥራቅ አፍሪካ አብሮ ማሰብ ነው። ኡጋንዳ በአካባቢው ትልቁን የአሳማ መንጋ ይዛለች፤ ኬንያም ገበያ አላት። ክትባቱ ለጎረቤት የሚሸጥ ከሆነ በሂሳብ ደረጃ ሊያስኬድ ይችላል። እርሱም ቢሆን የሚጀምረው ከሰበታ ነው፤ በተቅማጥ ከሞቱ ግልገሎች ናሙና ተወስዶ ገዳዩ የትኛው ቫይረስ፣ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሲመዘገብ። የአርቢው ድርሻ የሞተውን ግልገል ዝም ብሎ ቀብሮ አለመተው፣ ባለሙያ ጠርቶ ማሳየት ነው።

እስከዚያው የሚሠራው ሥራ ርካሽ ነው። እናት አሳማ ከመውለዷ በፊት የመውለጃ ክፍሉን ማጠብና ማድረቅ፣ ሁሉም ግልገል በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር መጥባቱን በዓይን ማየት፣ ግልገሎቹን ከብርድ መጠበቅ፣ አዲስ የተገዛ አሳማ ሳምንታት ለብቻው ማቆየት፣ ከማርቢያ ማርቢያ የሚዞር ሰው ጫማውን እንዲለውጥ ማድረግ። ተቅማጥ ከጀመረ ደግሞ ለግልገሎቹ ንጹሕ ውኃና የማዕድን ጨው ውሕድ በብዛት ማቅረብ፤ ገዳዩ ድርቀት ነውና።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት የቤቶች ድርጅት ምሕፃረ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ብዙ ነዋሪና ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ከሠፈሩ ተነሥተዋል። በቦታቸው የሚቆሙት ትልልቅ ሕንፃዎችና ሆቴሎች ትራፊያቸው የሚበዛ እንጂ የሚያንስ አይሆንም። ትራፊው ከበሩ ሲወጣ የሥጋ ቁራጭ ተለይቶ፣ በተከደነ በርሜል፣ የት እንደሚሄድ ተመዝግቦ እንዲወጣ ክፍለ ከተማው ከሆቴሎቹ ጋር ቢዋዋል፣ የማፍያ ገንዳም በጋራ ቢሠራ፣ ለአንድ አርቢ የማይቻለው የማገዶ ወጪ በብዙዎች ይካፈላል። ለዚህ የቬሮ ሕዋስም ሆነ መቶ ዙር ማዛወር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው በርሜልና ለአንድ ሰዓት የማይጠፋ እሳት ነው።